ካሙ ከመወቀሱ በፊት

ኦገስት ሲገባ የጥገና ጠረጴዛዬ ፋታ አያገኝም። እዚህ ኮሎራዶ ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን በደጋን ማደን የሚፈቀደው በሴፕቴምበር ስለሆነ ጋራዥ ውስጥ ተሰቅሎ የከረመው ደጋን ሁሉ በኦገስት ይወርዳል። የደንበኞቼም ክስ ተመሳሳይ ነው፤ «ቀስቱ ወደ ግራ ይሄድብኛል፣ ካሙ ሳይጣመም አይቀርም።» አንዳንዴ ልክ ናቸው።

ኮምፓውንድ ደጋን ላይና ታች ጫፉ ላይ ካም የሚባሉ ሞላላ መዘውሮች አሉት። ሐሳቡ የሚዙሪው ሰው የሆሌስ ዊልበር አለን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1966 የፈጠራ መብት ጠይቆ በ1969 ተሰጠው። አውታሩ ሲሳብ መዘውሮቹ ይዞራሉ፤ ሲጀመር ያስቸገረው ክብደት መጨረሻ ላይ ይቀላል። 70 ፓውንድ የሆነ ደጋን 80 በመቶ ካቀለለ፣ ተኳሹ አነጣጥሮ ሲቆይ እጁ ላይ የሚቀረው 14 ፓውንድ ነው።

ሰዎች «አላይንመንት» እያሉ የሚደባልቋቸው ችግሮች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ታይሚንግ ነው፤ መኪና ያለው ሰው ቺንጋው ጥርስ ሲዘል ሞተሩ ምን እንደሚሆን ስለሚያውቅ ማስረዳት አይከብደኝም። አንዱ ካም ማቆሚያው ላይ ሲደርስ ሌላው ገና በመንገድ ላይ ነው። ተኳሹ እስከ መጨረሻው ስቦ የሚያገኘው ጠንካራ ግድግዳ ሳይሆን የሚለጠጥ ነገር ይሆንበታል፤ የቀስቱም ጭራ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይሄዳል። ይህን በክንዴ ስቤ አልመረምርም። ዊንች ያለው መሳቢያ ጣውላ ላይ አስሬ ቀስ እያልኩ እስባለሁ፤ ሁለቱም ማቆሚያዎች እኩል መንካታቸውን ዓይኔ ያያል። ማስተካከያው ከአውታሩ ሌላ ካሞቹ ላይ የታሰረውን ኬብል በግማሽ ዙር መጠምዘዝ ወይም መፍታት ነው፤ የትኛውን ኬብል የሚለው እንደ ደጋኑ አሠራር ይለያያል።

ሁለተኛው የካም መዝመም ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ኬብሎቹ የቀስቱን መንገድ እንዳይዘጉ አንድ ዘንግ ወደ ጎን ይገፋቸዋል፤ ያ የጎን ጉተታ ካሙን ያዘነብላል። ለማየት ቀጥ ያለ ቀስት ከካሙ ጠፍጣፋ ጎን ጋር አስጠግቼ ከአውታሩ ጋር እኩል መሄዱን አያለሁ። ነገር ግን ደጋኑ ሳይሳብ ትንሽ የዘመመ ካም ሁሉ በሽተኛ አይደለም። ሙሉ በሙሉ ሲሳብ እንዲቀና ሆን ተብሎ እንደዚያ የሚተው አለ። ሳይሳብ ቀጥ አድርገው ያስተካከሉት ሲሳብ ዘሞ ይገኛል፤ ቤቱ ሠርቶት የመጣ ደንበኛ ይህን ማመን ይከብደዋል።

ኬብሉ ጫፉ ላይ ለሁለት የተከፈለ ከሆነ መፍትሔው ቀላል ነው። አንዱን እግር ጠምዝዤ ሌላውን በዚያው ልክ እፈታለሁ፤ ጠቅላላ ርዝመቱ ካልተለወጠ ታይሚንጉ አይነካም። ለሁለት ያልተከፈለ ከሆነ ካሙን አክስሉ ላይ ግራና ቀኝ በሚያስጠጉ ቀጫጭን ቀለበቶች ነው። ሁለቱም ደጋኑን ጨምቆ አውታሩን ከሚያላላው ፕሬስ ውጭ አይሞከሩም፤ ሊምብ የሚባለው የታጠፈው የደጋኑ ክንድ የያዘው ጉልበት ሲያመልጥ ጣት አይምርም።

ፕሬሱ ውስጥ ከማስገባቴ በፊት ግን ሊምቡ ላይ ጥጥ አንሸራትታለሁ፤ ቃጫ ከያዘው ስንጥቅ አለ። አክስሉ ቀጥ ማለቱን፣ ካሙ መላወስ አለመላወሱን አያለሁ። ያለ ቀስት ተስቦ የተለቀቀ ደጋን ብዙ ጊዜ በእነዚህ ይታወቃል። ባለቤቱ ግን አይናገርም፤ ቢጠየቅም የለቀቀው የልጁ ጓደኛ ነው።

የመጨረሻው ፈተና ወረቀት ነው። ደንበኛው በቅርብ ርቀት ወረቀት አሳልፎ ይተኩሳል፤ ከዚያ እኔ በራሱ ደጋን፣ በራሱ ቀስት እተኩሳለሁ። የእሱ በጎን ተቀዶ የእኔ ንጹሕ ቀዳዳ ከሆነ መጠምዘዝ ያለበት ኬብሉ አይደለም። መያዣውን አጥብቆ በመጨበጥ ደጋኑን የሚያጣምመው እጁ ነው። ጣቶቹን ዘና አድርጎ ክብደቱን የአውራ ጣቱ ሥር ላይ እንዲያሳርፍ እነግረዋለሁ። አንዳንዱ ቅር ይለዋል፤ ለተበላሸ ካም መክፈል ለእጅ ከመታረም ይሻለዋል መሰለኝ።

ሥራው ሲያልቅ የካሙ ጠርዝ ከሊምቡ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በብርማ ብዕር አሰምርበታለሁ። አዲስ አውታርና ኬብል ጥቂት ከተተኮሰባቸው በኋላ ስለሚረዝሙ መስመሩ ከቦታው ሲሸሽ ባለቤቱ ራሱ ያየዋል። ለመስመሩ አላስከፍልም።