ኢሜይል በጮኸ ቁጥር አንሩጥ

ጠዋት ሥራ ገብተን ኮምፒዩተር ስንከፍት ኢሜይሉ ተከምሮ ይጠብቀናል። አንዱን መልሰን ሳንጨርስ ሌላው ይገባል፤ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ዋናው ሥራ ገና አልተነካም። እኛም ዘንድ እንዲሁ ነበር። በኋላ ድምፁን ዘግተን በቀን ሦስት ጊዜ ብቻ ማየት ጀመርን፤ ጠዋት፣ ከምሳ በኋላና ወደ ቤት ከመሄዳችን ግማሽ ሰዓት በፊት። አስቸኳይ ጉዳይ ያለው ይደውላል። በመጀመሪያው ሳምንት እጃችን ሳናውቀው ወደ ስልኩ ይሄድ ነበር፤ የቡና ሱስ ይመስላል! እናንተም ከመጀመራችሁ በፊት ለአለቃችሁ ንገሩት፤ ዝም ስትሉ የሰነፋችሁ እንዳይመስለው።

የባሰው የማታው ነው። እራት ቀርቦ፣ ልጆች ተቀምጠው፣ አባት ወይም እናት ለአለቃ መልስ ይጽፋሉ። በእስራኤል ሙሉ የሥራ ሳምንት 42 ሰዓት ነው። ለትርፍ ሰዓት በቀን ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት 125 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 150 በመቶ ይከፈላል። ሕጉ እንደ ከፍተኛ ኃላፊዎች ያሉትን አይጨምርም። ለሌሎቻችን ግን አለቃ አዝዞ ቤት የተሠራውም ሥራ ነው። ስለዚህ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ያዘዘውን ሰው በደብተር ጻፉ፤ ኢሜይሉንም አታጥፉት። ትሉሽ ሲደርሳችሁ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ተመልከቱ።