እርድ የነካው ነጠላ ለምን ይቀላል?

አልጫ ሲሠራ እርድ ነጠላ ላይ ጠብ ይላል። ቦታው ቢጫ ይሆናል። ነጠላው ሲታጠብና ሳሙና ሲነካው ግን ቢጫው ይቀላል። ብዙ ሰው «ሳሙናው መጥፎ ነው» ብሎ ይቆጣል። ሳሙናው ምንም አላጠፋም። እርዱ ስለ ሳሙናው እየነገረን ነው።

እስቲ ቤታችሁ ሞክሩት። ጥቂት እርድ በውሃ በጥብጡ። ነጭ ጨርቅ ንከሩበትና አድርቁት። አመድ ደግሞ በሌላ ዕቃ በውሃ በጥብጡና አስቀምጡ። ሲጠልል ከላይ ያለውን ውሃ ጨርቁ ላይ ጠብ አድርጉ። ጨርቁ ይቀላል። አሁን በቀላው ቦታ ላይ ሎሚ ጭመቁ። ተመልሶ ቢጫ ይሆናል!

ሎሚን የሚያኮመጥጠው አሲድ የሚባል ነገር ነው። አሲድ በኮምጣጤም፣ በእርጎም፣ በእንጀራ ሊጥም አለ። ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን ሲያድር በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋን ይራቡበታል። እነሱ ናቸው አሲዱን የሚያወጡት። የአመድ ውሃ የአሲድ ተቃራኒ ነው። ስሙ ቤዝ ይባላል። ጣት ሲነካው እንደ ሳሙና ያሟልጫል። ሳሙናም የሚሠራው ከቅባትና ከቤዝ ነው። (እንዶድ ሌላ ነው፤ የእሱ አረፋ ከቤዝ የመጣ አይደለም።)

ሁሉም አሲድ ግን እንደ ሎሚ አይደለም። የመኪና ባትሪ አሲድ ሥጋ ያቃጥላል። ስለዚህ የማታውቁትን ነገር በምላስ አትሞክሩ።

አሲድና ቤዝ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ኃይል ያጠፋል። ከሁለቱ ውሃና ጨው ይወጣል። ጨው ስንል ብዙ ዓይነት ነው፤ የወጡ ጨው አንዱ ብቻ ነው። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያቃጥላል። ኮስቲክ ሶዳም ያቃጥላል። ሁለቱ በልኩ ሲዋሐዱ ግን የሚገኘው ይኸው የወጥ ጨው ነው። እኔን እስከ ዛሬ ይገርመኛል። አሞሌያችን ግን እንዲህ አልተሠራም። የጥንት ባሕር ደርቆ የተረፈ ነው፤ ከአፋር ምድር ተቆርጦ ይመጣል።

ይህን ሳስተምር አንዲት እናት እጃቸውን አነሡ። «አስተማሪ፣ ሎሚ የአመዱን ውሃ ካጠፋው፣ ልጅ ሳያውቅ የሳሙና መሥሪያ ሶዳ ቢጠጣ ሎሚ ላጠጣው?» አሉ። ይህን እኔ ራሴ ቀድሜ መናገር ነበረብኝ።

መልሱ፦ በፍጹም አይሆንም! አሲድና ቤዝ ሲገናኙ ሙቀት ይወጣል። በቆሰለ ጉሮሮ ላይ ሌላ ቃጠሎ ይጨምራል። እንዲያስመልሰውም አታድርጉ። ሲወርድ ያቃጠለው ሲወጣ ዳግመኛ ያቃጥላል። አፉን በውሃ አጉመጥምጡትና ፈጥናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ሐኪሙ የጠጣውን እንዲያውቅ ዕቃውን ይዛችሁ ሂዱ። ዓይን ውስጥ ከገባም ሎሚ አታስነኩት። የዓይኑን ቆብ ከፍታችሁ በብዙ ንጹሕ ውሃ ቢያንስ 20 ደቂቃ እጠቡት። ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ ነው።

በረኪናንም ከሎሚ ወይም ከኮምጣጤ ጋር አትቀላቅሉ። መርዛም ጋዝ ይወጣዋል፤ ሳንባ ይጎዳል።

እኚያ እናት የሶዳውን ውሃ ያስቀመጡት በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ነበር። ልጅ ሲያየው መጠጥ ይመስለዋል። በማግስቱ ክዳኑ ወደሚጠብቅ ጀሪካን ገለበጡት። ከመደብ ሥርም አንሥተው ቆጥ ላይ አወጡት። በከሰል «መርዝ» ብለው በእጃቸው ጻፉበት። «ዝ» ትንሽ ተጣማለች፤ ግን ከበሩ ሆኖ ይነበባል።