የሚወርደው መስመር የሚለካውና የማይለካው

የሶፍትዌር ቡድን ባለበት ቢሮ ሁሉ፣ በግድግዳ ሰሌዳ ላይ ባይሆን የሥራ መከታተያ በሆነው በጂራ ገጽ ላይ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እየወረደ የሚሄድ መስመር አይጠፋም። በርንዳውን ቻርት ይባላል። አግድሙ የስፕሪንቱን፣ ማለትም የአጭሩን የሥራ ዙር፣ ቀናት ይይዛል፣ ቁመቱ የቀረውን ሥራ። ሲያዩት ቀላል ስለሆነ ማብራሪያ የሚጠይቅ የለም፤ ሁሉም እንደመሰለው ይተረጉመዋል። በዙሪያው የሚወሩት ተረቶች አብዛኞቹ የአንድ ስህተት ልጆች ይመስሉኛል፦ ገበታው የቀረውን እየነገረን እኛ የተሠራውን የነገረን አድርገን እንሰማዋለን።

ተረት፦ መስመሩ ካልወረደ ቡድኑ አልሠራም

ሰው ያላግባብ የሚወቀሰው በዚህ ስለሆነ በቁጥር እንየው። 10 የሥራ ቀናት ባሉት ስፕሪንት አንድ ቡድን በ40 ፖይንት የተገመተ ሥራ ይዞ ጀመረ እንበል። ለማነጻጸሪያ የሚሰመረው ቀጥ ያለ መስመር በቀን 4 እየቀነሰ ስለሚሄድ በአምስተኛው ቀን ማታ 20 ፖይንት ላይ ይደርሳል። በአራተኛው ቀን ግን ደንበኛው ደውሎ «ክፍያው በቴሌብርም ይሁንልን» አለ፤ የሥራውን ዝርዝር የሚወስነው ፕሮዳክት ኦውነርም እሺ ብሎ 10 ፖይንት ጨመረበት። በአምስተኛው ቀን ማታ ቡድኑ 18 ፖይንት ጨርሷል፣ ገበታው ግን 32 ቀረ ይላል። ይህን ያየ ሥራ አስኪያጅ «በአምስት ቀን 8 ብቻ? 12 ፖይንት ወደ ኋላ ቀርታችኋል!» ቢል አይፈረድበትም። ቡድኑ በጀመረበት ዕቅድ ቢመዘን ግን የዘገየው በ2 ፖይንት ብቻ ነው።

ጭማሪው መስመሩን ወደ ላይ ስለሚያዘልለው ልብ ብሎ ያየ ሰው ያገኘዋል። ገበታው በቀን አንዴ፣ ማታ ማታ፣ የሚሞላ ከሆነ ግን ሌላ ጉድ አለ፦ በአንድ ቀን 10 ፖይንት ተጨምሮ በዚያው ቀን 10 ቢዘጋ መስመሩ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ቡድኑ ከሁሉም ቀን በላይ የሠራበት ዕለት ሥራ የፈታበት መስሎ ይታያል።

ለዚህ የሚበጀው በርንአፕ የሚባለው ገበታ ነው። ሁለት መስመር አለው፤ አንዱ የተጠናቀቀው ሥራ፣ ሌላው የሥራው ጠቅላላ መጠን። በምሳሌያችን የላይኛው ከ40 ወደ 50 ሲወጣ፣ የታችኛው 18 ላይ ሲደርስ ለየብቻቸው ይታያሉ። ሥራው የዘገየው በቡድኑ ነው ወይስ በጭማሪው ተብሎ የሚነሳው ክርክር ብዙ ጊዜ እዚያው ያልቃል። ደንበኛ በየመሃሉ ሐሳቡን በሚቀይርበት ፕሮጀክት እኔ ብሆን በርንዳውኑን ትቼ ይህን ነው የምሰቅለው።

ተረት፦ የተሠራ ሥራ ሁሉ ይቆጠራል

አይቆጠርም። ጂራ አንድን ሥራ አለቀ የሚለው በቦርዱ የመጨረሻ ቀኝ ዓምድ ውስጥ ሲገባ ነው። አምስት ዴቨሎፐሮች አምስት ሥራ ጀምረው ሁሉም ሪቪው ላይ ቢሆኑ የተቃጠለው፣ ማለትም ከቀሪው የተቀነሰው፣ ፖይንት ዜሮ ነው። በየጠዋቱ ስታንድአፕ ላይ የሚሰማው ታዲያ ይህ ነው፦

«የክፍያው ነገርስ?»

«አልቋል፣ ቴስት ብቻ ነው የቀረው።»

በማግሥቱም ያው ነው። መስመሩ እስከ ስምንተኛው ቀን ተጋድሞ በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ገደል የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው። ቡድኑ ሰነፍ ሆኖ ሳይሆን ወይ ሥራዎቹ ሲከፋፈሉ ትልልቅ ሆነዋል፣ ወይ ሁሉም የሚያልፍበት አንድ ጠባብ በር አለ፤ ብዙ ጊዜ አንዱ ቴስተር።

ማነቆው የት እንደሆነ በርንዳውን አይናገርም። ኪውሙሌቲቭ ፍሎው የሚባለው ገበታ ግን እያንዳንዱን ደረጃ በቀለም ንጣፍ ስለሚያሳይ፣ የቴስቱ ንጣፍ ከቀን ቀን እየሰፋ ከሄደ ሥራው የተከማቸው እዚያ ነው። ጆን ሊትል እ.ኤ.አ. በ1961 በሒሳብ ያረጋገጠው ሕግ እዚህም ይሠራል፦ በጅምር ላይ ያለውን የሥራ ብዛት በቀን በሚጠናቀቀው ብታካፍሉት አንድ ሥራ በአማካይ የሚፈጅበትን ጊዜ ታገኛላችሁ። 12 ሥራ ተጀምሮ በቀን 2 የሚያልቅ ከሆነ አንዱ 6 ቀን ይወስዳል። ስለዚህ አዲስ ሥራ ከመጀመር የተጀመረውን ማስጨረስ ይሻላል፤ ዴቨሎፐሩ ቴስቱን ማገዝ ቢኖርበትም።

ተረት፦ ቀጥ ያለው መስመር ዕቅድ ነው

ያ መስመር ማካፈል ብቻ ነው፤ ፖይንቱን ለቀናቱ ማከፋፈል። ማንም በቀን 4 እጨርሳለሁ ብሎ አልፈረመም። የበዓላችንንም ቀን አያውቅም። ገና አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 29፣ ጥምቀት ጥር 11 ስለሚውል አንድ የሁለት ሳምንት ስፕሪንት ሁለቱንም ሊይዝ ይችላል። በቦርዱ ማስተካከያ ውስጥ ሥራ የሌለባቸው ቀናት ካልተመዘገቡ ጂራ በጥምቀት ዕለትም መስመሩን ያወርደዋል፤ ከታቦቱ ጋር የዋለው ቡድንም ዘገየ ይባላል። ዒድ ደግሞ በጨረቃ ስለሚወሰን ቀኑ ሲታወቅ መግባት አለበት።

በተረፈ፣ ከቀጥታው መስመር ጋር በየቀኑ ተጣብቆ የሚወርድ ገበታ ካያችሁ ተጠራጠሩ። የእውነት ሥራ እንደዚያ አይወርድም፤ ለአለቃ ዓይን የተሞላ ቁጥር ግን ይወርዳል።

ተረት፦ ስክረም ስለሚያስገድድ ነው የምንሥለው

ስክረም ሥራን በስፕሪንት ከፋፍሎ የሚያስኬድ የአሠራር ዘዴ ነው፤ ግዴታውም ድሮ እውነት ነበር። ገበታውን እ.ኤ.አ. በ2000 ገደማ ያስተዋወቀው ከስክረም መሥራቾች አንዱ የሆነው ኬን ሽዌበር ነው፤ በ2010 የወጣው የስክረም መመሪያም ይጠይቀው ነበር። የ2011ዱ እትም ግዴታውን አነሳ። የ2020ው በርንዳውንን፣ በርንአፕንና ኪውሙሌቲቭ ፍሎውን እንደ አማራጭ ብቻ ይጠቅሳቸዋል።

ተረት፦ ብዙ ፖይንት ያቃጠለ ቡድን ይበልጣል

ፖይንት እያንዳንዱ ቡድን ለራሱ የሚያወጣው ግምት ነው። አንዱ 3 ያለውን ሌላው 8 ሊለው ይችላል፤ ስለዚህ ሁለት ቡድን በፖይንት ማወዳደር ትርጉም የለውም። ማወዳደሩ ከተጀመረ ደግሞ በሚቀጥለው ስፕሪንት 3 የነበረው 5፣ 5 የነበረው 8 ሆኖ ይመጣል። ስቶሪ ፖይንትን ሳልፈጥር አልቀረሁም የሚለው ሮን ጄፍሪስ ራሱ፣ አጠቃቀሙ ወዴት እንደሄደ አይቶ መጸጸቱን በጽሑፍ ገልጿል።

«መቼ ያልቃል?» ለሚለው ጥያቄ ግን፣ በአንድ ቡድን ውስጥ እስከሆነ ድረስ፣ ቁጥሩ ይጠቅማል። ባለፉት ጥቂት ስፕሪንቶች ቡድኑ ከ28 እስከ 38 ፖይንት ሲጨርስ ከቆየና 150 ፖይንት ከቀረ፣ መልሱ ከ4 እስከ 6 ስፕሪንት ነው፤ በሁለት ሳምንት ስፕሪንት ከ8 እስከ 12 ሳምንት። ለደንበኛው መነገር ያለበትም ሁለቱም ቁጥር ነው፣ ትንሹ ብቻ ሳይሆን።