«ሙቺ እማዬ፣ ማንም አልመታኝም!»

ሰሞኑን የከተማው ወጣት ስፖርት ስፖርት ብሏል። ጂም የሚገባው ይገባል፣ በጠዋት አስፋልት ላይ የሚሮጠው ይሮጣል፣ የቀረው ደግሞ ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኖ ሌላው ሲሰራ በስልኩ ያያል (ራሳችሁን ታውቃላችሁ!)። የዛሬው ጨዋታችን ስለ ጂዩ ጂትሱ ነው። ቡጢ የለ፣ እርግጫ የለ፤ ሁለት ሰው ፍራሽ ላይ ተያይዞ እየተንከባለለ አንዱ ሌላውን አንቆ ወይም ክንዱን ጠምዝዞ «በቃኝ» የሚያሰኝበት ትግል ነው። ከካራቴና ከቴኳንዶ ጋር ሲተያይ ለከተማችን ገና እንግዳ ነው። የሚጀምረው ሰው ታዲያ ሳምንት ሳይሞላው አንድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፦ «ሰውነቴ አለቀ፣ ልተወው ወይስ ልቀጥል?»

ይህንኑ ጥያቄ በቅርቡ ያነሳችልኝ አንዲት የ24 ዓመት ወጣት ናት። ሥራዋ ጸጉር መሥራት ነው፤ በሹሩባ እጇ የተመሰከረላት። አንድ ቀን ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ከሥራ ወጥታ ታክሲ ስትጠብቅ የማታውቀው ጎረምሳ ክንዷን ለቀም አድርጎ ይጎትታታል። ሰዎች ደርሰው አስጣሏት እንጂ «በራሴ ጉልበት አንድ ጣቱን እንኳ ማላቀቅ አቃተኝ» ነው ያለችኝ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን ያ እጅ ክንዷ ላይ ያለ ይመስላት ነበር። አንዲት ደንበኛዋ ሹሩባ እየተሠራች ስለ ጂዩ ጂትሱ ስታወራ የሰማችው በዚሁ ሰሞን ነው። በሳምንቱ ሄዳ ተመዘገበች።

ነገሩ ከየት መጣ?

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ጃፓናዊው ጂጎሮ ካኖ የድሮውን የጃፓን ጂዩ ጂትሱ አሻሽሎ እ.ኤ.አ በ1882 ጁዶን መሠረተ። ከእሱ ቤት የወጣው ሚትሱዮ ማኤዳ በ1914 ብራዚል ገባና በኋላ ካርሎስ ግሬሲ የተባለ ወጣት አስተማረ። ካርሎስና ታናሽ ወንድሙ ሄልዮ መሬት ላይ የሚደረገውን ትግል እያራቀቁ ዛሬ የብራዚል ጂዩ ጂትሱ የሚባለውን አወጡ። ዓለም ጉድ ያለው ግን በ1993 ነው። አሜሪካ ዴንቨር ከተማ ላይ በተደረገው የመጀመሪያው ዩኤፍሲ፣ የሄልዮ ልጅ ሮይስ፣ 80 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ቀጭን ሰው፣ ከእሱ የገዘፉ ሦስት ተጋጣሚዎችን በአንድ ምሽት እጅ አሰጣቸው።

እኛም ብንሆን ለትግል ባይተዋር አይደለንም። ትግል ከገናና ከገበጣ ጋር ከባህል ስፖርቶቻችን አንዱ ነው። ልዩነቱ ምንድነው ብትሉ፣ በእኛ ትግል የወደቀ ተሸነፈ፤ በጂዩ ጂትሱ ግን ዋናው ጨዋታ የሚጀምረው ከወደቁ በኋላ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ምን አስተማሯት? አወዳደቅ። አገጭን ወደ ደረት ሰብስቦ፣ በእጅ ፍራሹን እየመቱ፣ ጭንቅላት ሳይነካ መውደቅ። ቀጥሎ በጀርባ ተኝቶ በእግር እየገፉ ዳሌን ወደ ጎን ማሸሽ፤ ሞኝ የሚያስመስል እንቅስቃሴ ነው፣ ነገር ግን ከላይ ከተጫነ ሰው ሥር መውጫው በር ይኸው ነው። ሦስተኛው «መታ መታ» ነው። ሲያምህ ወይም ልትታነቅ ስትል የባላጋራህን ሰውነት ወይም ፍራሹን በእጅህ መታ መታ ታደርጋለህ፣ እሱም ወዲያው ይለቅሃል። የጂዩ ጂትሱ ሕይወት ያለው በዚህች ምልክት ላይ ነው። ያለሷ ቢሆን በየቀኑ ክንድ በተሰበረ ነበር።

መጨረሻ ላይ የአምስት ደቂቃ ትግል ነበር። የገጠመቻት ከእሷ የምታንስ፣ 50 ኪሎ ብትሞላ ነው የተባለች ልጅ ነች። የእኛዋ ትንፋሿን ይዛ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ ያላትን ጉልበት ሁሉ በአንዴ አወጣች። አንድ ደቂቃ ተኩል ሳይሞላ ምላሷ ወጣ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ አራት ጊዜ መታ መታ አደረገች። ጀማሪ ሁሉ እንዲህ ነው፤ ትልልቅ ጡንቻ ያላቸው ወንዶች እንዲያውም ይብሳሉ፣ ጉልበታቸውን ስለሚያምኑ።

በማግስቱ ጠዋት «ይኸው ነው እንዴ?» አለች። ጉዱ የመጣው በሁለተኛው ቀን ነው። ከአልጋ ለመነሳት ጭንቅላቷን በገዛ እጇ ደግፋ ማንሳት ነበረባት። አንገቷ እንጨት፣ ሆዷ ስትስቅ የሚያማት፣ ክንዷ ማበጠሪያ የሚከብደው ሆነ። «መኪና የገጨኝ እንጂ ስፖርት የሠራሁ አልመስል አለኝ» ብላኛለች።

ለምን በሁለተኛው ቀን ባሰ?

ብዙ ሰው «አሲድ ተጠራቅሞ ነው» ይላል። ይህ ተደጋግሞ ከመነገሩ ብዛት እውነት የመሰለ ወሬ ነው። ላክቲክ አሲድ የሚባለው ስፖርቱ ካበቃ በኋላ በአንድ ሰዓት ገደማ ከጡንቻ ውስጥ ጸድቶ ያልቃል፤ ታዲያ ከነገ ወዲያ ያለውን ህመም እንዴት ያመጣዋል? ህመሙ የሚመጣው ጡንቻ ያልለመደውን ሥራ ሲሠራ፣ በተለይ እየተሳበ ጭነት ሲሸከም፣ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን መላላጦች ስለሚደርሱበትና ሰውነት እነዚያን ለመጠገን ስለሚነሳ ነው። ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል፣ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ይበረታል፣ በሳምንት ውስጥ ይለቃል። ደስ የሚለው ደግሞ ያው ጡንቻ ያንኑ ሥራ ሲደግመው ህመሙ እየቀነሰ መሄዱ ነው።

ስለዚህ በእነዚያ ቀናት አልጋ ላይ ተገትሮ መዋል አያስፈልግም። ቀስ ብሎ በእግር መንሸራሸር፣ ሙቅ ሻወር፣ በቂ ውሃ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እንቅልፍ። ጾም ላይ የሆናችሁ ልጆች «ሥጋ ሳልበላ እንዴት እችላለሁ» ትላላችሁ፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና ለውዝ ምን ሠርተው ነው? ትግሉ ግን ጾሙ በሚፈታበት ሰዓት ዙሪያ ቢሆን ይመረጣል፣ ባዶ ሆድ ላይ መታገል ራስን ያዞራል።

እናት ሲያዩ

አሁን ወደ ርዕሳችን እንምጣ። በሦስተኛው ሳምንት እናቷ እቤት ውስጥ እጅጌዋን ሰብስባ ዕቃ ስታጥብ ያዩዋታል። ከክንዷ እስከ ብብቷ ድረስ የጣት አሻራ የመሰለ ብልዝ በብልዝ ነው። አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቢጫ። «ልጄ፣ ማነው እንዲህ ያበለዘሽ? ያ ልጅ ነው አይደል?» «ሙቺ እማዬ፣ ማንም አልመታኝም! ስፖርት ነው!» ብትል ማን ይስማት። «ያ ልጅ» የተባለው እጮኛዋ ነው፣ ዝንብ የማይነካ ምስኪን። አክስት ተጠራች፣ እጮኛው ተጠራ፣ ሶፋ ላይ አቀርቅሮ ተቀመጠ።

ትስቁ ይሆናል፤ እኔ ግን እናትየውን አልስቅባቸውም። ስንቷ ናት «በር መታኝ»፣ «ደረጃ ላይ ወደቅሁ» እያለች ዱላ ተሸክማ የምትኖር? ልጁ ላይ ብልዝ አይቶ የማይጠይቅ ወላጅ ነው የሚያስፈራው። እንዲያውም ምክሬ ይኸው፦ ይህን ስፖርት የምትጀምሩ ሴቶች ከመጀመሪያው ቀን ለቤተሰብ ተናገሩ። የኛዋ የደበቀችው ከወንድ ጋር መሬት ላይ መታገሏ እንዳይወራ ፈርታ ነበር። በመጨረሻ ታናሽ እህቷን ሳሎን ምንጣፍ ላይ አስተኝታ አያያዙን አሳየቻቸው። እናትየው ረጅም ጊዜ ዝም ብለው ካዩ በኋላ «ለዚህ ነው ገንዘብ የምትከፍዪው?» አሉ። እጮኛው ሻይ ተቀዳለት።

የወንድና የሴቱን ነገር ካነሳሁ አይቀር፣ ፍራሽ ላይ ከማን ጋር እንደምትታገሉ የመምረጥ መብት አላችሁ። «ከእሱ ጋር አልፈልግም» ማለት ስድብ አይደለም። የሚያስቆጣው አሰልጣኝ ካለ ችግሩ ያለው ከእሱ ዘንድ ነው።

ጣትሽን ወይ ትግልሽን

ከእናትየው የከበደው ፈተና የመጣው ከሥራ ቦታ ነው። በጂዩ ጂትሱ የሚለበሰው ልብስ (ጊ ይሉታል) እንደ ሸራ ወፍራም ነው። ቀኑን ሙሉ እጅጌና ኮሌታ ጨምድዶ መያዝ ነው ሥራው። በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ የጣቶቿ አንጓ አብጦ ጠዋት ጠዋት አልታጠፍ አለ። ቀጭን ሹሩባ የሚጠይቀው ደግሞ ጣት ነው። ቅዳሜ ሙሽራ ይዛ ሁለት ሰዓት የሚወስደው ሥራ አራት ሰዓት ፈጀባት። የሳሎኑ ባለቤት «እህቴ፣ ወይ ጣትሽን ወይ ትግልሽን ምረጪ» አለቻት። ልጅቷ የምትበላው በሠራችው ራስ ልክ ነው፤ እንጀራዋ እዚያ ጣት ላይ ነው።

ልትተወው ወስና ለአሰልጣኟ ልትሰናበት ሄደች። አሰልጣኙ ያላት ቀላል ነገር ነው፦ «ሲመነጭቁሽ ልቀቂ።» ጀማሪ አንዴ የያዘውን ልብስ እንደ ውርስ መሬት አይለቅም፤ ባላጋራው በሙሉ ሰውነቱ ሲመነጭቅ የሚጎዳው የጣት አንጓ ነው። ለቅቆ እንደገና መያዝ ይቻላል። ሁለተኛ፣ በሳምንት አራት ቀን ትመጣ የነበረው ሰኞና ረቡዕ ብቻ ሆነ፤ ቅዳሜ ለሙሽራ ሥራ ጣቷ ሁለት ቀን ተኩል ያህል ያርፋል። ሦስተኛ፣ ጣቶቿን በቀጭን ፕላስተር ትጠቀልላለች፤ ረቡዕ ረቡዕ ደግሞ ያለ ጊ፣ በቲሸርት የሚደረገውን ትሠራለች፣ እዚያ ልብስ መጨምደድ የለም። እብጠቱ በሁለት ሳምንት ጎደለ። የእሷ ነገር በዚህ ተስተካከለ፤ የማይጎድል እብጠት ያለበት ሰው ግን ሐኪም ይየው።

ህመምና ጉዳት

ይህን ልዩነት ሳታውቁ ፍራሽ ላይ አትውጡ። የጡንቻ ህመም ሰፋ ያለ፣ በሁለቱም በኩል የሚሰማ፣ ሲንቀሳቀሱ የሚላላ ነው። ጉዳት ግን አንድ ነጥብ ላይ ይወጋል። መገጣጠሚያ «ቋ» ብሎ ካበጠ፣ እግር መርገጥ ካቃተ፣ ሲተነፍሱና ሲያስሉ ጎድን ከወጋ፣ ከአንገት ተነስቶ እጅን የሚያደነዝዝ ነገር ከመጣ፣ ጭንቅላት ተመትቶ ማስመለስና መደናገር ከተከተለ ሆስፒታል ነው። ሽንት እንደ ኮካ ከጠቆረ ደግሞ ነገ አትበሉ፣ ያኔውኑ ሂዱ፤ የተጎዳ ጡንቻ ኩላሊትን ሊያጠቃ ይችላል።

ወጌሻ ጋ መታሸት ባህላችን ነው፣ ስብራት የተጠረጠረበትን እጅ ግን ራጅ ሳይነሱ አስሮ መመለስ አደጋ አለው። በጣም ጠብቆ የታሰረ እጅ ደም አጥቶ እስከ መቆረጥ የደረሰባቸው አገራችን ውስጥ አሉ። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ውጦ ወደ ትግል መግባትም አይበጅም፤ ክኒኑ የሚያፍነው «ተው» የሚላችሁን ድምፅ ነው፣ ጨጓራችሁንም ይበላል።

ሌላው የሚናቀው ቆዳ ነው። ፍራሽ ላይ ጭርት እንደ ወሬ ይዛመታል። ከትግል በኋላ ወዲያው ታጠቡ፣ ልብሱን ሳታጥቡ ደግማችሁ አትልበሱ፣ ጥፍራችሁን ቁረጡ፣ ክብ ሆኖ የሚያሳክክ ነገር ካያችሁ እስኪድን ቅሩ።

ስምንት ሳምንት ላይ

እድገቱስ? ልጅቷ ማንንም አላነቀችም፣ አልጣለችም። በአምስተኛው ሳምንት ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አምስቱን ደቂቃ መታ መታ ሳታደርግ ጨረሰች። ትንፋሿን መያዝ ትታ ነበርና። በሰባተኛው ሳምንት 75 ኪሎ የሚመዝን ወንድ ደረቷ ላይ ተቀምጦ፣ ክርኗን እንደ ምሰሶ አቁማ፣ ያቺን ሞኝ የምታስመስል የዳሌ መሸሽ ሠርታ ከሥሩ ወጣች። «ጉልበት አልነበረም» ትላለች፣ እየደጋገመች። ህመሙም ቦታ ቀይሯል፤ አንገቷ ተወው፣ አሁን ወገቧና ጭኗ ነው የሚናገረው። ከነጭ ቀበቶ ወደ ሰማያዊ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት፣ ጥቁር ለመድረስ አሥር ዓመት ገደማ ይፈጃል። በስድስት ወር ጥቁር ቀበቶ እሰጣለሁ የሚል ካጋጠማችሁ ኪሳችሁን ያዙ!

ማታ ታክሲ ስትጠብቅ ምን ትላለች? ሁለት ወር ማንንም ጀግና እንደማያደርግ አሰልጣኟ ደጋግሞ ነግሯታል፤ አሁንም መጀመሪያ ጩኸት፣ ቀጥሎ ሩጫ ነው። የያዘ እጅ በየትኛው በኩል እንደሚላቀቅ ግን ታውቃለች፦ በአውራ ጣቱ በኩል።

ለመጀመር የምታስቡ ደግሞ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ቀን ዳር ቁጭ ብላችሁ እዩ። ፍራሹ ይታጠባል? አሰልጣኙ ጀማሪን ከከባድ ሰው ጋር ዝም ብሎ ያጋጥማል? መታ መታ የተደረገበት ሰው ወዲያው ይለቃል ወይስ ትንሽ ያቆያል? የሚያቆይ ካለና አሰልጣኙ እያየ ዝም ካለ፣ ጫማችሁን አድርጋችሁ ውጡ።