የእባብ እንቁላል ለምን አይገላበጥም?



በፍሎሪዳ የዶክትሬት ተማሪ ሳለሁ ለመጀመሪያ ጊዜ የበቆሎ እባብ ለማርባት ሞክሬ ነበር። እባቡ መርዝ የሌለው፣ የዚያው አገር ተወላጅ ነው፤ እናቴ ግን ነገሩን እስካሁን አልሰማችም።

ሴቷ ከተዳቀለች ከአንድ ወር በኋላ አሮጌ ቆዳዋን ጣለች፤ በዐሥረኛው ቀን 14 እንቁላል ወለደች። እኔም ዶሮ እንቁላሏን ስታገላብጥ እያየሁ ያደግሁ ነኝና በየማለዳው አገላበጥኋቸው። አንዱም አልተፈለፈለም።

ጥፋቴ ምን ነበር? በዶሮ እንቁላል ውስጥ አስኳሉን ከሁለቱ ጫፎች የሚይዙ ጠመዝማዛ ክሮች አሉ፤ እንቁላሉ ሲዞር አስኳሉም ዞሮ ፅንሱን ወደ ላይ ይመልሳል። መገላበጡ ደግሞ ፅንሱ ያለጊዜው ከሽፋኑ እንዳይጣበቅ ይረዳል። በእባብ እንቁላል እነዚያ ክሮች የሉም። ፅንሱ ብዙም ሳይቆይ ከላይኛው ቅርፊት ሥር ካለው ሽፋን ጋር ይያያዛል፤ አየር የሚያገኘውም በዚያ በኩል ነው። ስንገለብጠው አስኳሉ ይጫነዋል፤ ስስ የደም ሥሮቹም ሊበጠሱ ይችላሉ።

በተከታዩ ዓመት የእያንዳንዱን እንቁላል አናት በእርሳስ ምልክት አድርጌ፣ 28 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሙቀትና እርጥበት ባለው ሣጥን አኑሬ እጄን ሰበሰብሁ። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ የመጀመሪያዋ ግልገል በላይኛው መንጋጋዋ ጫፍ ባለች ጊዜያዊ ጥርስ ቅርፊቱን ሰንጥቃ ብቅ አለች።