የአየር ማቀዝቀዣ መኪና ሲቆም ጥፋቱ የማን ነው?

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለ ሆነች፤ የአየር ማቀዝቀዣ መኪና ለብዙው ነዋሪዋ አስፈላጊ ዕቃ አይደለም። ነገር ግን በሥራ ምክንያት ወደ ድሬዳዋ፤ ወደ ጋምቤላ ወይም ወደ ሰመራ የተዛወረ ሰው ይህ መኪና የቅንጦት ሳይሆን የዕንቅልፍና የጤና ጉዳይ መሆኑን ያውቃል። በግንቦትና በሰኔ ቀትር ላይ መኪናው በድንገት ቀጥ ሲል፤ ሕፃናትና አረጋውያን ባሉበት ቤት የሚፈጠረው ጭንቀት ቀላል አይደለም። ያን ጊዜ ጠጋኝ ይጠራል። ጠጋኙም አንዳንድ ጊዜ ገና ሳይመረምር «የግፊት ስዊቹ ተበላሽቷል፤ ሽቦውን በቀጥታ ላገናኘውና ይሥራ» ይላል። የዛሬው ንግግራችን ይህ ቃል እውነት መሆኑ ወይም አለመሆኑ በምን እንደሚታወቅ ለማስረዳት የታሰበ ነው።

አስቀድመን የመኪናውን አሠራር ባጭሩ እንመልከት። አየር ማቀዝቀዣ ቅዝቃዜን አይፈጥርም፤ የቤቱን ሙቀት ተሸክሞ ወደ ውጭ ያወጣል እንጂ። ተሸካሚው በመዳብ ቧንቧ ውስጥ የሚዞረው ጋዝ ነው። ኮምፕሬሰር የተባለው ክፍል ጋዙን ጨምቆ ግፊቱንና ሙቀቱን ከፍ ያደርገዋል። የጋለው ጋዝ ከቤት ውጭ በተተከለው ክፍል ውስጥ ሲያልፍ፤ ማራገቢያው በሚነፍሰው አየር ሙቀቱን ያስረክብና ፈሳሽ ይሆናል። ፈሳሹ ደግሞ በጠባብ መተላለፊያ አልፎ ግፊቱ ሲወርድ ይቀዘቅዛል፤ በቤት ውስጥ ባለው ክፍልም የክፍሉን ሙቀት ተቀብሎ እንደገና ጋዝ በመሆን ወደ ኮምፕሬሰሩ ይመለሳል። ስለዚህ በአንዱ መኪና ውስጥ ሁለት ወገን አለ፤ አንዱ ከፍተኛ ግፊት፤ ሁለተኛው ዝቅተኛ ግፊት ያለበት ነው።

የግፊቱን ብርታት ለመገመት የትንሽ አውቶሞቢል ጎማ ከ2 ባር ጥቂት በሚበልጥ ግፊት እንደሚነፋ እናስታውስ። አር 410 ኤ በተባለው ጋዝ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ግን በሞቃት ቀን በከፍተኛው ወገን እስከ 30 ባር ገደማ ይደርሳል። ይኸውም ከጎማው ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። በአሮጌዎቹ መኪናዎች የሚገኘው አር 22 የተባለው ጋዝ ከዚህ ያነሰ ግፊት አለው።

እንዲህ ያለው ኀይል ያለ ጠባቂ አይተውም። ስለሆነም በብዙ መኪናዎች ቧንቧ ላይ ትንንሽ የግፊት ስዊቾች ይተከላሉ። የከፍተኛው ግፊት ስዊች ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ኤሌክትሪኩን ቆርጦ ኮምፕሬሰሩን ያቆማል፤ በአር 410 ኤ መኪናዎች ዘንድ ይህ ልክ ብዙውን ጊዜ 42 ባር አካባቢ ነው። የዝቅተኛው ግፊት ስዊች ደግሞ ጋዙ አልቆ ወይም መንገዱ ተዘግቶ ግፊቱ ከመጠን በታች ሲወርድ እንዲሁ ያደርጋል። በትንንሾቹ የግድግዳ ማቀዝቀዣዎች ግን እነዚህ ስዊቾች ሁልጊዜ አይገኙም፤ በነሱ ፋንታ የሙቀት መለኪያዎችና የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳው ይህን ጥበቃ ያከናውናሉ። እንግዲህ መጀመሪያ የሚጠየቀው፤ በመኪናችን ላይ ስዊቹ አለን? የሚለው ነው።

ስዊቹ እንደ ሌሊት ዘበኛ ነው። ዘበኛ በጮኸ ጊዜ አስተዋይ ባለቤት ዘበኛውን ከማባረሩ በፊት ግቢውን ይመለከታል። ይህንንም ምልከታ ባለቤቱ ራሱ ያለ ምንም መሣሪያ ሊያደርገው ይችላል። የቤቱ ውስጥ ፊልትሮ በአቧራ ተደፍኗልን? የውስጡ ቧንቧ በረዶ ይዟልን? የውጭው ክፍል ክንፎች በአቧራና በቅጠል ተሸፍነዋልን? ማራገቢያው በደንብ ይዞራልን? ከፊቱ ሣጥን ወይም ሸራ ተደግፎ አየሩን ከልክሎታልን? ውጭው ሲታፈን ከፍተኛው ግፊት ይነሣል፤ ውስጡ ሲታፈን ዝቅተኛው ግፊት ይወርዳል። በሁለቱም ጊዜ መኪናውን ያቆመው ስዊች ግዴታውን ፈጸመ እንጂ አልተበላሸም። አቧራ በበዛባቸው በቆላ ከተሞቻችን ይህን አስቀድሞ መመልከት ብዙ ገንዘብ ያድናል።

ከዚህ በኋላ ያለው ምርመራ የባለሙያ ነው፤ ባለቤቱ ግን አካሄዱን ቢያውቅ አይታለልም። በቅድሚያ ኤሌክትሪኩ ከብሬከሩ ይቆረጣል፤ መቆረጡም በቴስተር ይረጋገጣል። በውጭው ክፍል ውስጥ ያለው ካፓሲተር ኤሌክትሪክን አጠራቅሞ ስለሚያቆይ፤ ብሬከሩ ከተዘጋም በኋላ ሰውን ሊመታ ይችላል። ስለዚህ ክዳኑን ከፍቶ እጅን ማግባት ላልተማረ ሰው አይገባም።

ባለሙያው ሁለቱን ሽቦዎች ከስዊቹ ላይ ነቅሎ ቴስተሩን በኦም ላይ በማድረግ የስዊቹን ሁለት ጫፎች ይለካል። ሽቦዎቹ ሳይነቀሉ ቢለካ ንባቡ በሌላ መንገድ ዞሮ ሊያሳስተው ይችላል። ወደ ዜሮ የቀረበ ቁጥር ከታየ ስዊቹ የተያያዘ ነው፤ መስመሩ ተቋርጦ ከታየ ስዊቹ ተከፍቷል። ብዙዎች ስሕተት የሚሠሩት ግን እዚህ ላይ ነው። የተከፈተ ስዊች ሁሉ የተበላሸ ስዊች አይደለም። ጋዙ አፈትልኮ ያለቀበት መኪና የዝቅተኛው ግፊት ስዊች መከፈቱ ተገቢ ነው። ከከፍተኛው ግፊት ስዊቾችም አንዳንዶቹ አንድ ጊዜ ከቆረጡ በኋላ ትንሽ ቁልፋቸው በእጅ እስኪጫን ድረስ አይመለሱም።

እንግዲህ ፍርዱ የሚሰጠው ሁለት ምስክሮች ሲሰሙ ነው፤ አንዱ ቴስተሩ፤ ሁለተኛው የጋዙን ግፊት የሚለካው ጌጅ ነው። ከሁለቱ ቃል አራት ውሳኔ ይገኛል።

አንደኛ፤ ግፊቱ ደኅና ሆኖ ስዊቹ ከተያያዘ፤ ጥፋቱ ወደ ሽቦው፤ ወደ ሰሌዳው ወይም ወደ ሌላ ክፍል ተሄዶ ይፈለጋል።

ሁለተኛ፤ ግፊቱ ደኅና ሆኖ፤ የእጅ ቁልፍ ያለውም ተጭኖ፤ ስዊቹ ግን ተከፍቶ ከቀረ፤ በእውነት ተበላሽቷል፤ ይለወጥ።

ሦስተኛ፤ ግፊቱ ከልክ ውጭ ሆኖ ስዊቹ ከተከፈተ፤ ዘበኛው በሥራው ላይ ነው፤ የግፊቱ ምክንያት ይፈለግ።

አራተኛ፤ ግፊቱ ከልክ ውጭ ሆኖ ስዊቹ እንደ ተያያዘ ከቀረ፤ ዘበኛው ተኝቷል። ከሁሉ የሚያስፈራው ይህ ነው፤ መኪናው እየሠራ ስለሚቀጥል ማንም አያስተውለውምና።

በተጨማሪም ቀትር ላይ ብቻ እየቆመ ማታ የሚሠራ መኪና አለ። እንዲህ ያለውን መኪና ከበረደ በኋላ መለካት ብቻ አይበቃም፤ ስዊቹ በዚያን ጊዜ ተመልሶ ተያይዟልና። ባለሙያው ጌጁን እንዳያያዘ መኪናውን አስነሥቶ በየትኛው ግፊት ላይ እንደሚቆም መመልከት አለበት። በ42 ባር ሊከፈት የተሠራ ስዊች በ30 ባር እየተከፈተ ከሆነ ደክሟል፤ በልኩ ላይ ከተከፈተ ግን ጥፋቱ የስዊቹ አይደለም።

አሁን «በቀጥታ ላገናኘው» ወደሚለው ቃል እንመለስ። ባለሙያ ጌጁን እየተመለከተ ለምርመራ ያህል ለጥቂት ሰከንድ ሊያገናኝ ይችል ይሆናል። አገናኝቶ መሄድ ግን ዘበኛውን አስሮ በሩን ከፍቶ እንደ መተኛት ነው። የኮምፕሬሰሩን ሞተር የሚያቀዘቅዘው ተመላሹ ጋዝ ነው፤ ዘይቱንም ወደ ኮምፕሬሰሩ የሚመልሰው እርሱ ነው። ጋዝ ሳይኖር የሚሠራ ኮምፕሬሰር ስለዚህ ይቃጠላል። በከፍተኛው ወገን ደግሞ ግፊቱ ያለ ገደብ ሲወጣ ሞተሩ ይጨነቃል፤ ቧንቧና መገጣጠሚያም ሊፈነዳ ይችላል። ዋጋው አነስተኛ የሆነ ስዊች ለማዳን ተብሎ ከመኪናው ሁሉ ውዱ ክፍል ይጠፋል።

ስዊቹ መለወጥ ካለበትም ማንኛውም ስዊች አይተካውም። በላዩ የተጻፈው የመክፈቻና የመመለሻ ግፊት፤ የጋዙም ዓይነት ከአሮጌው ጋር መስማማት አለበት። ለአር 22 የተሠራ የከፍተኛ ግፊት ስዊች በአር 410 ኤ መኪና ላይ ቢገባ ገና በደኅናው ግፊት ይቆርጣል። አንዳንዱ ስዊች በብሎን የሚፈታ ሆኖ ከሥሩ ጋዙን የሚይዝ ቫልቭ አለው፤ ሌላው ግን በብየዳ የተያያዘ ስለ ሆነ ጋዙ አስቀድሞ በመሣሪያ ወደ ሲሊንደር መሰብሰብ ይገባዋል።

በመጨረሻም አንድ ነገር እናስታውስ። የማቀዝቀዣ ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ የሚያልቅ አይደለም። ቀንሶ ከተገኘ አንድ ቦታ አፈትልኳል ማለት ነው። ቀዳዳውን ሳይደፍኑ በየዓመቱ ጋዝ መሙላት በወንፊት ውሃ መቅዳት ነው።

ስለዚህ፤ ክቡራን አድማጮች፤ ጠጋኝ ቤታችሁ መጥቶ ስዊቹን ሲከስስ በትሕትና ሦስት ነገር ጠይቁት፤ ግፊቱ ስንት ነው? ስዊቹ የሚከፈተው በስንት ነው? ግፊቱ ከልክ የወጣ እንደ ሆነስ ምክንያቱ ምንድን ነው? ሥራውን የሚያውቅ ሰው በጥያቄው አይቀየምም፤ ጌጁን አውጥቶ ያሳያችኋል። ሳይለካ የሚፈርደውን ግን ሽቦውን ከመንካቱ በፊት አመስግናችሁ አሰናብቱት።