ወጣቱን ፈረስ ለውድድር ማብቃት፦ ከቤይሩት ሜዳ እስከ አየርላንድ መሰናክሎች

በፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሮጥ ወጣት ፈረስ ከኋላ ተርታ ሲጨርስ፣ ገንዘቡን ያስያዘበት ተመልካች ቢበሳጭም አሰልጣኙ ብዙ ጊዜ ቅር ሳይለው ወደ ፈረሱ ይሄዳል። የፈረሱን እግሮች ይዳስሳል፤ አተነፋፈሱን ያዳምጣል፤ ጋላቢውንም ፈረሱ ከመነሻው እንዴት እንደ ወጣ፣ በሌሎች ፈረሶች መካከል ሲገባም ደንብሮ እንደ ሆነ ይጠይቀዋል። ለወጣት ፈረስ የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሩጫዎች ከፈተና ይልቅ ትምህርት ናቸውና።

የቤይሩት ነዋሪዎች ይህን ስፖርት በቅርብ ያውቁታል። ከብሔራዊ ሙዚየም ጋር የሚጎራበተው የከተማዋ የእሽቅድምድም ሜዳ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት፣ በኦቶማን አገዛዝ ማብቂያ፣ በባለሀብቱ አልፍሬድ ሱርሶቅ አማካይነት በጥድ ደኑ ውስጥ የተመሠረተ ነው። በዚያው ዕቅድ ለካዚኖነት የተሠራው ሕንጻ ዛሬ የፈረንሳይ አምባሳደር መኖሪያ ሲሆን፣ ጄኔራል ጉሮ እ.ኤ.አ. መስከረም 1 ቀን 1920 የታላቋን ሊባኖስ መመሥረት ያወጁት በዚሁ ስፍራ ነበር። በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ሜዳው ከተማዋን ለሁለት በከፈለው መስመር ላይ ወደቀ፤ በ1982ቱ የእስራኤል ወረራም ወደመ። ዳግም ለውድድር የተከፈተው ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ነው። እሑድ የዕረፍት ቀናቸው የሆነ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞችም ከዶራ ወይም ከቡርጅ ሐሙድ በሰርቪስ ተሳፍረው በሙዚየሙ በኩል ሲያልፉ የሜዳውን አጥር ያዩታል።

በዚህ ሜዳ የሚሮጡት ንጹሕ ዘር ያላቸው የዐረብ ፈረሶች ሲሆኑ ውድድሩም መሰናክል የሌለበት ነው። ሆኖም የወጣት ፈረስ ውድድር እንዴት እንደሚታቀድ ለመረዳት የመሰናክል ዝላይ ውድድር ወደሚዘወተርባቸው አየርላንድ፣ ብሪታንያና ፈረንሳይ መመልከት ይጠቅማል። በዚያ አንድ ፈረስ ከመጀመሪያ ሩጫው እስከ ትልቁ ውድድር ለመድረስ ዓመታት ስለሚፈጅበት የአሰልጣኙ ስሌት ጎልቶ ይታያል።

ስሌቱ የሚነሣው ከአጥንት ነው። ከፊት ጉልበት በላይ ያለው የአጥንት ማደጊያ ክፍል የሚገጥመው ፈረሱ ሁለት ዓመት ወይም ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ሲሞላው ነው፤ የጀርባ አጥንቱ ግን ከዚያ በኋላም ለዓመታት እድገቱን ይቀጥላል። የዐረብ ፈረስ ደግሞ እንግሊዞች ለፍጥነት ካራቡት ዘር ይልቅ ዘግይቶ የሚጎለምስ በመሆኑ በሁለት ዓመቱ ለውድድር አይቀርብም። ይህ ሲባል ግን ወጣቱ ፈረስ ሥራ ፈትቶ ይቆማል ማለት አይደለም። አጥንት የሚጠነክረው በልኩ ሲጫን ነው። ስለዚህ ከሶምሶማ ወደ ደንገላሳ፣ ከደንገላሳም ወደ አጭር ሽምጥ ግልቢያ በወራት ውስጥ ቀስ እያለ እንዲሸጋገር ይደረጋል። የዕድሜ አቆጣጠሩም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው፤ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ የእሽቅድምድም ፈረሶች ሁሉ ዕድሜ የሚጨምረው በጥር 1 ቀን ስለሆነ፣ በየካቲት የተወለደና በግንቦት የተወለደ ውርንጭላ በመዝገብ እኩያ ይባላሉ። ሦስት ወር ለጎለመሰ ፈረስ ከቁጥር ባይገባም ለወጣቱ ከባድ ልዩነት ነው።

ለዝላይ የታጨ ፈረስ ትምህርቱን የሚጀምረው መሬት ላይ የተጋደመ ግንድ በመሻገር ነው። ቀጥሎ ዝቅተኛ መሰናክል ይቀርብለታል፤ ከፊቱም ልምድ ያለው፣ የማይደነግጥ አንድ አዛውንት ፈረስ እንዲመራው ይደረጋል። ፈረስ የመንጋ እንስሳ በመሆኑ ከሰው ትእዛዝ ይልቅ ከባልንጀራው ቶሎ ይማራል። በሀገር ቤት የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ሲያሳዩ የሚታየው የፈረሶች እርጋታም ያለዚህ ዓይነት አብሮ መለማመድ የሚገኝ አይመስልም።

በብሪታንያና በአየርላንድ የወጣቱ ፈረስ የመጀመሪያ ውድድር ብዙ ጊዜ ምንም መሰናክል የለውም። ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ያሉ የዝላይ ዕጩዎች ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ለማይሞላ ርቀት በሜዳ ላይ ብቻ ይሮጣሉ። ዓላማው የሕዝቡን ጩኸት፣ የማጓጓዣውን ጉዞ፣ በፈረሶች መካከል ተጠጋግቶ መሮጥን ከዝላይ ለይቶ ማስለመድ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ቁመቱ አንድ ሜትር ከሰባት ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነው፣ ሲመታ የሚተጣጠፈው ቀላል መሰናክል ይመጣል። የመጨረሻው ደረጃ ከአንድ ሜትር ከ37 ሳንቲ ሜትር የማያንሰው ድፍን መሰናክል ነው። በጀማሪዎች ውድድር ልባም ጋላቢ ፈረሱን ከግርግሩ ጥቂት ወደ ኋላ ይዞት፣ መሰናክሉን አስቀድሞ እንዲያይ ክፍት ቦታ ይፈልግለታል። በዚህ ጊዜ የሚደርስ ክፉ ውድቀት አጥንት ባይሰብር እንኳ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ፍርሃት ሊተው ይችላል።

ለዚህ ትዕግሥት ከሚጠቀሱት ሁሉ የታወቀው የአየርላንዱ ፈረስ አርክል ነው። አሰልጣኙ ቶም ድሬፐር እ.ኤ.አ. በ1961 መጨረሻ መሰናክል በሌላቸው ሁለት ውድድሮች አሠለፈው፤ በሁለቱም አላሸነፈም። በጥር 1962 በናቫን ከተማ በጀማሪዎች የመሰናክል ውድድር ሲቀርብ ብዙ ሰው ተስፋ አልጣለበትም ነበር፤ እርሱ ግን አሸነፈ። ከዚያም ከ1964 እስከ 1966 የቼልተንሃምን የወርቅ ዋንጫ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ወሰደ። በእርግጥ ደንቡ ድንጋይ ላይ የተጻፈ አይደለም። ሬድ ረም የተባለው ፈረስ በሁለት ዓመቱ በአጭር ርቀት መሮጥ ጀምሮ፣ በ12 ዓመቱ በ1977 ሦስተኛውን የግራንድ ናሽናል ድሉን አግኝቷል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ፈረስ ስሙ የሚነሣው ብርቅ ስለሆነ ነው፤ በሁለት ዓመታቸው ተጣድፈው የተሰበሩትን የሚቆጥራቸው የለም።

የቀን መቁጠሪያም የራሱ ብልሃት አለው። በብሪታንያ ደንብ አንድ ፈረስ በጀማሪነት የሚወዳደረው ወቅቱ ከመጀመሩ በፊት በዚያ የመሰናክል ዓይነት አሸንፎ የማያውቅ ከሆነ ነው። የዝላይ ወቅት የሚዘጋው በሚያዝያ መጨረሻ ስለሆነ፣ ወቅቱ ሊያልቅ ሲል የተገኘ አንዲት ትንሽ ድል የመጪውን ዓመት የጀማሪነት ዕድል ታጠፋለች። ስለዚህ አሰልጣኙ ብቃት ያለውን ፈረስ በጸደይ ወራት ወደ ግጦሽ ሲመልሰው ሊታይ ይችላል። ሌላው አሳሳቢ ጉዳይ የክብደት ምደባ ነው። ፈረሱ ጥቂት ጊዜ ከሮጠ በኋላ ዳኞች ችሎታውን ገምተው የሚሸከመውን ክብደት ይወስናሉ፤ ደካማ መስሎ የታየ ፈረስ ቀላል ጭነት ይመደብለታል። በትዕግሥት ማስተማርና ሆን ብሎ ማስሸነፍ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ደንቡ እያንዳንዱ ፈረስ በሙሉ አቅሙ እንዲሮጥ ያስገድዳል፤ ጥሶ የተገኘ አሰልጣኝና ጋላቢ ይቀጣሉ። መስመሩ ቀጭን ቢሆንም ገንዘቡን ላስያዘው ሕዝብ ዋስትናው እርሱ ነው።

በቤይሩት መሰናክል ባይኖርም ተመሳሳይ ጥያቄዎች ይነሣሉ፦ የመጀመሪያው ርቀት አጭር ይሁን ወይስ ፈረሱ ተረጋግቶ የሚሮጥበት መካከለኛ? ገና ካላሸነፉ እኩዮቹ ጋር ይሰለፍ ወይስ ከበረቱት ጋር? ከእርሻ ጸጥታ የመጣን ፈረስ የከተማው ጥሩምባና የጄኔሬተር ድምፅ ምን ያህል ያውከዋል? የሊባኖስ ትልቁ ፈተና ግን ገንዘብ ነው። ለዓመታት 1,507 ሊራ ከግማሽ ይመነዘር የነበረው ዶላር ዛሬ 89,500 ሊራ ደርሷል፤ ደመወዙን በሊራ ይቀበል የነበረ ሠራተኛ ሁሉ ትርጉሙን ያውቀዋል። በሊራ የተተመነ ሽልማት እንዲሁ ሲመነምን፣ ከውጭ የሚገባው መኖና መድኃኒት በዶላር መገዛቱ አልቀረም። ፈረስ ሳይሮጥ የሚያሳልፈው እያንዳንዱ ወር ለባለቤቱ ወጪ ነው፤ አሰልጣኙን «አሁኑኑ አሰልፈው» የሚለው ድምፅም ይበረታል። ድምፁን ተቀብሎ ያልበሰለ ፈረስ የሚያሰልፍ አሰልጣኝ የወሩን ወጪ ሊሸፍን ይችል ይሆናል፤ የተበጠሰ ጅማት ግን ለማገገም ብዙ ጊዜ አንድ ዓመት ገደማ ይፈልጋል፤ ከዚያም በኋላ እንደ ቀድሞው ላይሆን ይችላል።

ጥንቁቅ አሰልጣኝ ከመጀመሪያው ሩጫ በኋላ ለወጣቱ ፈረስ የሦስት ወይም የአራት ሳምንት ዕረፍት ይሰጠዋል። ሁለተኛውን ውድድር መቼ እንደሚመዘግብለትም በዕለቱ አይወስንም። በማግስቱ ማለዳ ወደ ጋጣው ሄዶ አስቀድሞ የሚያየው የመኖ ገንዳውን ነው፤ ገብሱ ሳይበላ ካደረ ሩጫው ከአቅሙ በላይ ነበር ማለት ነውና ቀጠሮው ይራዘማል።